ውሽማ ወይስ ወዳጅ?

«ለባለጌ ነውሩ ጌጡ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ሲነገር፥ ነውር የተባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ሰሚውም ተናጋሪውም አስቀድመው የተስማሙበት ይመስላል። ነገር ግን የነውር ወሰን ከአገር አገር የተለያየ፥ በአንድ አገርም ውስጥ ከዘመን ዘመን ሲገፋና ሲመለስ የኖረ ነው። በተለይም የወንድና የሴትን የሥጋ ግንኙነት በሚመለከት፥ በምዕራባውያን ዘንድ ይህ ወሰን ከአንድ መቶ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ እጅግ ርቆ ሄዷል።

ስለዚህ ለውጥ ብዙ ይነገራል። አንዱ «ምዕራባውያን ኀፍረታቸውን ጥለው ረከሱ» ሲል፥ ሌላው «ከጨለማ ወደ ብርሃን ወጡ» ይላል። ሁለቱም አነጋገር ለጆሮ ይጥማል፤ ዳሩ ግን ለውጡ ከምን ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ አያስረዳም። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ የዘመኑን ነገር ሁሉ እናዳርሳለን አንልም። አንድ መጽሐፍና በርሱ ላይ የተሰጠ አንድ ፍርድ መርጠን፥ ነገሩን በነዚህ በኩል ለመመርመር እንሞክራለን። መጽሐፉ እንግሊዛዊው ደራሲ ዲ. ኤች. ሎረንስ በ1928 ያሳተመው «ሌዲ ቻተርሊስ ለቨር» የተባለው ልብ ወለድ ነው፤ ፍርዱም በ1960 በለንደን ከተማ የተሰጠው ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።)

ገና ከርእሱ ስንነሣ ችግር ይገጥመናል። «ለቨር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ አንድ የተስተካከለ አቻ አላገኘም። «ውሽማ» ብንለው፥ ቃሉ ራሱ ከሳሽም ዳኛም ነው፤ ትዳር ያለው ሰው ከትዳሩ ውጭ በስውር የያዘው ማለት ነውና። «ወዳጅ» ብንለው ነገሩን ያለዝበዋል፤ ምክንያቱም ወዳጅነት የተከበረ ስም ነው። «አፍቃሪ» ብንለው ደግሞ ስሜቱ ብቻ ይቀርና ሥጋው ይጠፋል። ስለዚህ አማርኛ ተርጓሚ አንድ ገጽ እንኳ ሳይገልጥ ፍርድ ለመስጠት ይገደዳል። የሎረንስ መጽሐፍ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ይኸውም በባልቴቷ ሳይሆን በባለ ባሏ ወይዘሮና በአንድ ተራ ሰው መካከል የሆነው ነገር ውሽምነት ነው ወይስ ወዳጅነት? ነውሩስ የሚገኘው ከምኑ ላይ ነው? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ ለመረዳት ወደ 1857 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት በጥር ወር በፓሪስ ከተማ ጉስታቭ ፍሎቤር «ማዳም ቦቫሪ» በተባለው ልብ ወለዱ ምክንያት የሕዝብን ምግባር አጕድፈሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ በየካቲት ወር ነጻ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ያው ዐቃቤ ሕግ ኤርነስት ፒናር ባለቅኔውን ሻርል ቦድሌርን ከሰሰው፤ ባለቅኔው ተቀጣ፥ ከመጽሐፉም ስድስት ግጥሞች እንዲወጡ ታዘዘ። ይህ ፍርድ የተሻረው በ1949 ነው፤ ባለቅኔው ከሞተ 82 ዓመት ካለፈው በኋላ መሆኑ ነው። እንግሊዞችም በዚሁ በ1857 ብልግና የተባለን መጽሐፍ ዳኞች እየወረሱ እንዲያጠፉ የሚፈቅድ ሕግ አወጡ። በ1868 ደግሞ ዋናው ዳኛ ኮክበርን፥ በአንድ ፀረ ካቶሊካዊ ጽሑፍ ላይ በቀረበ ክርክር፥ ለዘጠና ዓመት ያህል የጸና መለኪያ ሰጡ። መለኪያው ጽሑፉ አእምሮው ለዚህ ዓይነት ክፉ ነገር ክፍት የሆነውንና መጽሐፉ በእጁ ሊገባ የሚችለውን ሰው የማበላሸት ዝንባሌ አለው ወይስ የለውም የሚል ነበር።

የዚህን መለኪያ ጠባይ ልብ ማለት ያሻል። ዳኛው የሚጠይቁት የተማረና የበሰለ አንባቢ መጽሐፉን እንዴት ያየዋል ብለው አይደለም። የሚጠይቁት እጅግ ደካማው አንባቢ ምን ይሆናል ብለው ነው። ደካማ የተባሉትም በስም ባይጠሩ እነማን እንደ ሆኑ የታወቀ ነበር፤ ልጆች፥ ሴቶች፥ ድኾችና አገልጋዮች ናቸው። የጌታው ቤተ መጻሕፍት በቆዳ የተደጐሰ ማናቸውንም መጽሐፍ ቢይዝ የሚጠይቀው አልነበረም። መጽሐፉ ረክሶ በገረዲቱ እጅ የገባ እንደ ሆነ ግን ነገሩ የመንግሥት ጉዳይ ይሆናል።

የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ኅብረተሰብ ጨዋ ነበር የሚሉ፥ ከ1864 እስከ 1869 የወጡትን የአባላዘር በሽታ ሕጎች ቢመለከቱ ይበጃል። በነዚህ ሕጎች መሠረት ወታደር በሚሰፍርባቸውና መርከብ በሚቆምባቸው ከተሞች ሴተኛ አዳሪ ናት ተብላ የተጠረጠረች ሴት በግድ በሐኪም ትመረመር ነበር፤ ወደርሷ የሄደው ወንድ ግን አይመረመርም። እነ ጆዜፊን በትለር ብዙ ዓመት ከታገሉ በኋላ ሕጎቹ በ1886 ተሻሩ። እንግዲህ በዚያ ዘመን ነውር የሚባለው ሸክም ለሰው ሁሉ እኩል የተከፈለ አልነበረም። ከፍ ካለው ላይ እየቀለለ፥ ዝቅ ካለው ላይ እየከበደ የሚጫን ነበር።

ሎረንስ የተወለደው ሸክሙ ከሚከብድበት ወገን ነው። በ1885 በኖቲንግሃም አውራጃ ኢስትውድ በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ ተወለደ፤ አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበር። በመምህርነት ጥቂት ከሠራ በኋላ ወደ ድርሰት ዞረ። በ1915 ያሳተመው «ዘ ሬይንቦው» የተባለው ልብ ወለድ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተወርሶ ጠፋ። ስለዚህ ከ1926 እስከ 1928 ሦስት ጊዜ እንደገና እየጻፈ የጨረሰውን የመጨረሻ ልብ ወለዱን በአገሩ ለማሳተም ተስፋ አላደረገም። በፍሎሬንስ ከተማ፥ እንግሊዝኛ በማያውቁ ኢጣልያውያን ፊደል ለቃሚዎች እጅ፥ በራሱ ገንዘብ 1,000 ቅጂ አሳተመና ለአንዱ 2 ፓውንድ እያስከፈለ በደብዳቤ ሸጠው። በ1930 በፈረንሳይ አገር በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በ1932 በለንደን የወጣው መጽሐፍ ብዙው ነገር የተቈረጠለት ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኮኒ የምትባል የተማረች ወጣት ሰር ክሊፎርድ ቻተርሊ የሚባል ባላባት በ1917 አገባች። ክሊፎርድ ወደ ጦር ሜዳ ተመልሶ ሄደና ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ መጣ። ከዚህ በኋላ ባልና ሚስቱ ራግቢ በተባለው የአባቶቹ ግቢ ይኖራሉ፤ ከግቢው በታች የቤተ ሰቡ የከሰል ጕድጓድ የሚያጨስበት የቴቨርሻል መንደር አለ። ክሊፎርድ መጀመሪያ ልብ ወለድ ይጽፋል፥ በኋላም ስለ ማዕድኑ ሥራ ይተጋል፤ ከወዳጆቹ ጋር ስለ አእምሮ ሕይወት ሲያወራ ያመሻል። ኮኒ በዚህ ቃል በበዛበትና ሰው ሰውን በማይነካበት ቤት ውስጥ እየደረቀች ትሄዳለች። በመጨረሻም የግቢውን ደን የሚጠብቀውን ኦሊቨር ሜለርስን ታገኛለች። ሜለርስ የመንደሩ ልጅ ሆኖ በጦር ሠራዊት እስከ መኮንንነት የደረሰ፥ የጌቶችንም የገበሬውንም አነጋገር የሚችል፥ ከሚስቱ የተለየና ከሰው የሸሸ ሰው ነው። ከርሱም ታረግዛለች። መጽሐፉ ሲያልቅ ሁለቱ ተለያይተው ፍቺ ይጠባበቃሉ፤ መጨረሻው ገና አልታወቀም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰዎች የሚያልፉት አንድ ነገር አለ፤ በኛ አስተያየት ግን የመጽሐፉ ቍልፍ እርሱ ነው። ክሊፎርድ ገና አስቀድሞ ለሚስቱ ከሌላ ሰው ልጅ ብትወልድ እንደማይቃወም፥ ልጁንም የራግቢ ወራሽ አድርጎ እንደሚያሳድገው ይነግራታል። ስለዚህ ሚስቱ ከሌላ ወንድ ጋር መተኛቷ በራሱ ለርሱ ነውር አልነበረም። ጨዋ ሰው እስከ ሆነና ልብዋ እስካልሄደ ድረስ ነገሩ የርስት ጉዳይ ነው። ሰውየው ሜለርስ መሆኑን በሰማ ጊዜ ግን ምድር ጠበበችው፤ ከዚያ በፊት ያልታየ ቍጣ ተነሣበት። እንግዲህ ያቃጠለው ማመንዘሯ አይደለም፤ ከአሽከሩ ጋር መሆኗ ነው። ሎረንስ በዚህ አንድ ነጥብ የዘመኑን ነውር ገልጦ አሳየ፤ የሥጋን ነገር በሚመለከት የተሠራው አጥር ከውስጡ ሲታይ የማዕረግ አጥር ነበረ ማለት ነው።

በደራሲው ጥበብ ረገድም የሚመሰገን ብዙ ነገር አለ። የክሊፎርድ ባለሞተር ወንበር በደኑ ውስጥ አበባውን በመንኰራኵሩ እየደፈጠጠ ሲሄድ፥ ኋላም ዳገት ላይ ሲቆም፥ ጌታው «ማንም አይንካው፥ ራሱ ይወጣል» እያለ ሲታበይ፥ በመጨረሻ ግን ሳንባው የደከመው ደን ጠባቂ ሊገፋው ግድ ሲሆን፥ ያንን ትርኢት ያነበበ ሰው ስለ ባላባትና ስለ ሠራተኛ ብዙ ገጽ የተጻፈ ክርክር አያስፈልገውም። እንዲሁም ኮኒ ከቀፎው አጠገብ ተንበርክካ የተፈለፈለውን የዱር ዶሮ ጫጩት በመዳፏ ይዛ ስታለቅስ፥ ልጅ ያልወለደች፥ ያልተነካች ሴት ልብ ምን ያህል እንደ ተራበ በአንዲት ጫጩት እናያለን። ሁለቱ ሰዎች የሚቀራረቡት ከዚህ ልቅሶ በኋላ ነው። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ የሥጋው ነገር ከርኅራኄ የሚወለድ እንጂ ለብቻው የተቀመጠ ማባበያ አይደለም።

አሁን ወደ ፍርዱ እንምጣ። በ1959 የእንግሊዝ ፓርላማ፥ ሮይ ጄንኪንስ በተባለው እንደራሴ አቅራቢነት፥ አሮጌውን ሕግ አሻሻለ። በአዲሱ ሕግ መጽሐፍ የሚመዘነው ከመካከሉ በተቀነጨበ ገጽ ሳይሆን በሙሉው ነው፤ ብልግና እንኳ ቢገኝበት ለሥነ ጽሑፍ ወይም ለዕውቀት የሚሰጠው ጥቅም ታይቶ ሊታለፍ ይችላል፤ ለዚህም ባለሙያዎች ይመሰክራሉ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ አንድ የኒው ዮርክ ዳኛ መጽሐፉ ሳይቈረጥ እንዲሸጥ ፈቀዱ። በ1960 ደራሲው የሞተበት 30ኛ ዓመት ሲደርስ፥ በ1935 መልካም መጻሕፍትን በ6 ፔኒ ለመሸጥ የተቋቋመው የፔንግዊን ማተሚያ ድርጅት ሙሉውን መጽሐፍ 200,000 ቅጂ አዘጋጀ። ዋጋው 3 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ ነበር። መንግሥትም ከሰሰ።

ክርክሩ ከጥቅምት 20 እስከ ኅዳር 2 ቀን 1960 ኦልድ ቤይሊ በተባለው ፍርድ ቤት ተሰማ። ፈራጆቹ ከሕዝብ የተመረጡ 9 ወንዶችና 3 ሴቶች ነበሩ፤ ሁሉም በፍርድ ቤቱ ግቢ ተቀምጠው መጽሐፉን አነበቡ። ለተከሳሹ 35 ሰዎች መሰከሩ፤ ከነርሱም መካከል ደራሲው ኢ. ኤም. ፎርስተርና ደራሲዋ ሬቤካ ዌስት ነበሩበት። የዉሊች ጳጳስ ጆን ሮቢንሰን ሎረንስ ግንኙነቱን እንደ ቅዱስ ነገር ለማሳየት እንደ ጣረ ተናገሩ፤ በዚህም ምክንያት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ገሠጿቸው። ከሠራተኛ ቤት የወጣው መምህር ሪቻርድ ሆጋርት ደግሞ መጽሐፉ ይልቁን ጥብቅ ምግባርን የሚሰብክ መሆኑን ሲመሰክር ዐቃቤ ሕጉን አስደነቀ።

ከሁሉ ይልቅ በታሪክ የቀረው ግን ዐቃቤ ሕጉ መርቪን ግሪፊዝ ጆንስ በመክፈቻ ንግግሩ ያነሣው ጥያቄ ነው። ፈራጆቹን፥ ይህ መጽሐፍ ሚስቶቻችሁ ወይም አገልጋዮቻችሁ እንኳ እንዲያነቡት የምትወዱት ነውን? ሲል ጠየቃቸው። ከፈራጆቹ መካከል ሦስቱ ራሳቸው ሚስት ወይም ሚስት ለመሆን የሚችሉ ሴቶች ነበሩ፤ ከተቀሩትም ብዙዎቹ አገልጋይ ማስተዳደር ይቅርና የአገልጋይ ልጆች ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ጥያቄው በ1868 ዳኛ ኮክበርን ያስቀመጡት መለኪያ ነው፤ ልዩነቱ ኮክበርን ሳይጠሯቸው ያለፏቸውን ደካሞች ግሪፊዝ ጆንስ በስም መጥራቱ ብቻ ነው። ይልቁንም ይህ ጥያቄ የሰር ክሊፎርድ ጥያቄ ነው። መጽሐፉ በ32 ዓመት ቀድሞ የከሳሹን ንግግር ጽፎ አስቀምጦታል ማለት ይቻላል። ሎረንስ መጽሐፉን በ40 ሺሊንግ ለአንድ ሺህ ሰዎች ሲሸጥ ማንም ዐቃቤ ሕግ ኦልድ ቤይሊ አላቆመውም፤ 3 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ በሆነ ጊዜ ግን የሜለርስ ወገኖች ሊያነቡት ነውና ክስ ተከፈተ።

ፈራጆቹ ሦስት ሰዓት ያህል ተማክረው መጽሐፉን ነጻ ለቀቁት። የታተመው ቅጂ ወዲያው አለቀ፤ በጥቂት ወራትም ሽያጩ በሚሊዮን ተቈጠረ። በ1961 የወጣው እትም ለነዚያ 12 ሰዎች መታሰቢያ ተደረገ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ ይህ ፍርድ አመጣው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን እንዲህ አናምንም። ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ሴቶችን ከቤት አውጥተው ወደ ፋብሪካና ወደ መሥሪያ ቤት አስገብተዋቸዋል። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ አልፍሬድ ኪንዚ በ1948 ስለ ወንዶች፥ በ1953 ስለ ሴቶች ባሳተማቸው ሁለት ጥናቶች፥ ሰው በአደባባይ በሚናገረውና በመኝታ ቤቱ በሚያደርገው መካከል ሰፊ ገደል መኖሩን አሳይቶ ነበር። ፅንስ የሚከለክለው ክኒን በአሜሪካ በ1960 ተፈቀደ፥ በእንግሊዝ አገርም በ1961 ለባለትዳሮች መሰጠት ጀመረ፤ ግንኙነትና መውለድ በዚህ ምክንያት የተለያዩ ነገሮች ሆኑ። ከዚያም ሕጉ ተከታትሎ ተለወጠ። በ1967 እንግሊዞች ፅንስ ማስወረድን በተወሰነ ሁኔታ ፈቀዱ፥ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት ባለፈ ወንዶች መካከል በስውር የሚደረገውንም ግንኙነት ከወንጀል አወጡ። በ1968 የቴያትር ሳንሱር ቀረ፥ በ1969 የፍቺ ሕግ ላላ። እንግዲህ ፍርዱ የወንዙ ምንጭ አይደለም፤ ወንዙ ከየት ወዴት እንደሚፈስ ቆሞ የሚታይበት ድልድይ ነው።

በዚህ ዘመን የመጣው ነገር ሁሉ ግን ሎረንስ የፈለገው አይደለም። እርሱ ራሱ በ1929 ባወጣው ድርሰት፥ የሥጋን ነገር የሚያዋርድ እውነተኛ ብልግና ቢሆን በጥብቅ ቢከለከል እንደማይጠላ ጽፏል። የርሱ ክርክር ነገሩ በስውር ስለሚቀመጥ ይረክሳል፥ በግልጥና በአክብሮት ቢነገር ይነጻል የሚል ነበር። ዴንማርክ በ1967 የብልግና ጽሑፍን፥ በ1969 ደግሞ ሥዕሉን ከሕግ ክልከላ ነጻ ስታደርግ፥ የተከተለው ከአክብሮት ይልቅ ንግድ ነበር። ዛሬ ያ ንግድ በማናቸውም ልጅ ኪስ ውስጥ ባለ ስልክ ይገባል። መጋረጃው ሲነሣ ነገሩ ይነጻል ያለው ሎረንስ፥ የመጋረጃውን መነሣት ተንብዮ ነጋዴው ከመጋረጃው ኋላ ቆሞ ይጠባበቅ እንደ ነበረ ግን አላሰበበትም።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላም ነገር አለ። በ1960 ዐቃቤ ሕጉ «ሚስቶቻችሁ» ሲል ችሎቱ ውስጥ የሣቁ ሰዎች ነበሩ ይባላል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሕግ፥ ዳኛ ማቲው ሄል በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጻፉትን ተከትሎ፥ ባል ሚስቱን አስገድዶ ደፈረ ተብሎ ሊከሰስ አይችልም ይል ነበር። ይህ የተሻረው በ1991 የጌቶች ምክር ቤት በሰጠው ፍርድ ነው። ስለዚህ እንግሊዛዊት ሚስት የቻተርሊን መጽሐፍ ለማንበብ ነጻነት ካገኘችበት ቀን ጀምሮ፥ በገዛ ሰውነቷ ላይ እንቢ የማለት ነጻነት በሕግ እስኪጸናላት ድረስ 31 ዓመት ፈጀ። የመናገር ነጻነትና የሰው ክብር አብረው የሚሄዱ ቢመስሉም፥ አንደኛው ሌላውን ጥሎት ሊገሰግስ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ከ2017 ወዲህ በምዕራቡ ዓለም የተነሣው ክርክር ሁሉ በዚህ ዙሪያ ነው፤ የድሮው ጥያቄ «ይህ በአደባባይ ይባላልን?» የሚል ነበር፥ የዛሬው ጥያቄ «ሁለቱም ወደዋልን?» የሚል ሆኗል። ምዕራባውያን ነውርን ጣሉ ከማለት፥ ነውርን ከአንድ ቦታ አንሥተው በሌላ ቦታ ተከሉት ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል።

በዚህ በአዲሱ መለኪያ የሎረንስ መጽሐፍ ራሱ ሲመዘን እንከን ይገኝበታል። አሜሪካዊቷ ኬት ሚሌት በ1970 ባሳተመችው መጽሐፍ፥ በሎረንስ ዘንድ ወንዱ አስተማሪ፥ ሴቲቱ ተንበርካኪ ተማሪ ሆና መቅረቷን ነቅፋለች። ነቀፋው ከባድ ቢሆንም ሐሰት አይደለም። በመጀመሪያ የምናገኛት ኮኒ የምታስብ፥ የምትከራከር፥ የምትታዘብ ሴት ናት፤ ወደ መጨረሻው ግን ሜለርስ ይሰብካል፥ እርሷ ትሰማለች። ስለ ተለያት ሚስቱ የሚናገረው ቃልም የተጠላች ሴት መልስ የማትሰጥበት የአንድ ወገን ክስ ነው። ሌላም እንከን አለ። ክሊፎርድ አገሩን ሲያገለግል የቆሰለ ሰው ነው፤ ደራሲው ግን ሽባነቱን የመንፈሱ ደረቅነት ምሳሌ አድርጎታል። ቍስል በቈሰለው ሰው ላይ ኀጢአት ሆኖ ሲቈጠር ያነበበ ሰው ቅር ሳይለው አያልፍም።

ይህን ማለታችን ፍርዱን ለመንቀፍ አይደለም። ለመጽሐፍ ነጻነት መስጠትና መጽሐፉን ታላቅ ብሎ ማወደስ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የ1959ኙ ሕግ ሃያስያንን የፍርድ ቤት ምስክር በማድረጉ ሁለቱን አደባለቀ፤ መጽሐፉን ለማዳን የቆመ ሁሉ ከሚገባው በላይ ማመስገን ግድ ሆነበት። በ1955 ስለ ሎረንስ ታላቅነት መጽሐፍ የጻፈው ኤፍ. አር. ሊቪስ ግን ይህን ልብ ወለድ ከደራሲው ምርጥ ሥራዎች ጋር ስላልቈጠረው አልመሰክርም አለ። እኛ የሊቪስን ጽናት እናከብራለን፤ ሆኖም በችሎቱ ውስጥ ብንሆን ኖሮ ከሆጋርት ጎን እንቆም ነበር። መካከለኛ መጽሐፍም ቢሆን የመነበብ መብት አለውና።

ይህ ሁሉ ለአማርኛ አንባቢ ምን ያገባዋል የሚል ቢኖር፥ የቋንቋው ነገር ያገባዋል እንላለን። ሎረንስ በእንግሊዝኛ ስለ ሥጋ ለመናገር የፈለገ ሰው ወይ የሊቃውንቱን የላቲን ቃል፥ ወይ የመንገዱን ስድብ ከመጠቀም በቀር ሌላ እንደሌለው አይቶ አዘነ፤ በሜለርስ አፍ የተከለከሉትን ቃላት ያኖረውም ከስድብነት ሊያወጣቸው ነው። እኛም ከዚህ አልራቅንም። «ሩካቤ» ስንል ከቤተ ክርስቲያን፥ «ግብረ ሥጋ» ስንል ከሐኪም ቤትና ከፍርድ ቤት ነን፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ቃል ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሰደቡበት ነው። አባቶቻችን መንገድ አጥተው አልነበረም፤ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ከነአንድምታው ሲነገር ኖሯል፥ አዝማሪውም በሰሙ ሸፍኖ በወርቁ ሲናገር ኖሯል። ዳሩ ግን የሥነ ሕይወት መምህር በክፍል ውስጥ የሚናገረው በቅኔ አይደለም። መምህሩ ቃል አጥቶ ገጹን ሲዘለው ተማሪው ትምህርቱን ከስልኩ ይቀበላል፤ ስልኩ ደግሞ የሚያስተምረው ያው ነጋዴ ነው። ለደራሲዎቻችንና ለመምህራኖቻችን የቀረው ሥራ በግዕዙና በስድቡ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ የሰው ልጅን የማያዋርድ አማርኛ ማብቀል ነው።

እንደዚሁም በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን ይህ ጽሑፍ ይለፍ፥ ያኛው ይቅር የምንል ሰዎች ከኦልድ ቤይሊ የምንወስደው ትምህርት አለ። ለልጅ የሚሆነውንና የማይሆነውን መለየት ተገቢ ነው፤ ይህን ምዕራባውያንም አልተዉትም። ነገር ግን «ይህ መጽሐፍ ሕዝቡን ያበላሻል» ብለን ብዕር ከማንሣታችን በፊት፥ ሕዝቡ ያልነው ማን እንደ ሆነ ብንጠይቅ ይገባል። እኛ አንብበነው ሳንበላሽ ከቀረን፥ ያነበበችው የጽሕፈት ሠራተኛ፥ ያነበበው ተላላኪ በምን ከኛ ያንሳሉ? ለዚህ መልስ ካጣን፥ የምንጠብቀው ምግባርን ሳይሆን ወንበራችንን ነው።